ከአስመራ እስከ ኤደን፦ ፌዴሬሽን እንዴት እንደሚፈርስ የጻፈው አስተዳዳሪ

ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ ከአንድ የእንግሊዝ ሹም መጽሐፍ የተቀነጨበች ማስጠንቀቂያ ብቅ ትላለች። ሐሳቧ አጭር ነው። ኢትዮጵያ ኤርትራን ጠቅልላ በእጇ ለማስገባት መፈተኗ አይቀርም፤ ከሞከረችው ግን ቅሬታ፣ ከቅሬታም አመጽ ይመጣል፤ አመጹ የውጭ ድጋፍ ካገኘ ኤርትራንም ራሷን ኢትዮጵያንም ሊያናጋ ይችላል። ማስጠንቀቂያዋ የታተመችው በ1960 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ዓመት በኋላ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን ከቤታችን ሰው ገብረንበታል።

የማስጠንቀቂያዋ ባለቤት ኬኔዲ ትሬቫስኪስ ይባላል። በኤርትራ ለዓመታት የሠራ የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ነበር። ጥቅሱ ሲጠቀስ ስሙ አንዳንዴ ይነሳል፤ ቀሪ ሥራው ግን አይነሳም። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ሰውየው ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ የመን ውስጥ ባለችው ኤደን ላይ ተቀምጦ የራሱን ፌዴሬሽን እየገነባ ነበር። ያም ፌዴሬሽን ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ወደቀ። የወደቀበት ምክንያት ደግሞ እሱ ራሱ ስለ ኤርትራ ከጻፈው ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሌላውን ስህተት እንዲህ አጥርቶ ያየ ሰው የራሱን እንዴት ሳያይ ቀረ? ጥያቄው ለእኛም ይመለከተናል። ሌሎች አርቅቀው ትተውት በሄዱት ውል ምክንያት ደም ፈስሶብናልና።

ትሬቫስኪስ በ1915 ተወለደ። አባቱ በሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ነበር። ካምብሪጅ ተማረ፤ በ1938 በቅኝ ግዛት አገልግሎት ተቀጥሮ ወደ ሰሜን ሮዴዥያ፣ ወደ ዛሬዋ ዛምቢያ ሄደ። ጦርነቱ ሲነሳ ወታደር ሆነ። በነሐሴ 1940 ጣሊያኖች የእንግሊዝ ሶማሊላንድን ሲወሩ ቱግ አርጋን ላይ ተማረከ። በ1941 የጣሊያን ግዛት ሲወድቅ ነፃ ወጣና ትናንት የማረኩት ሰዎች ይገዙት በነበረው አገር፣ በኤርትራ፣ ሹም ሆነ።

እንግሊዞች አስመራ የገቡት በሚያዝያ 1941 ነው። አስተዳደሩ ጊዜያዊ ተባለ፤ ግን አስራ አንድ ዓመት ቆየ። ሰው ስላልነበራቸው የጣሊያን ሠራተኞችን በየቢሮው አስቀርተው ነበር የሚሠሩት። ከምጽዋ አስመራ የተዘረጋውን ረጅሙን የአየር ላይ የገመድ ማመላለሻ ነቀሉት። የወደብ ንብረትም ተነቅሎ ተወሰደ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ይህንን እየተከታተሉ ለንደን ላይ ብዙ ጮኸዋል። በሌላ በኩል ጋዜጣም ማኅበርም ፓርቲም ተፈቀደ። ጣሊያን የአገሬውን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ከልክሎ ስለነበር፣ ይህ ለሕዝቡ ትልቅ ነገር ነበር። ወልደአብ ወልደማርያም በትግርኛ ጋዜጣ ላይ ብዕራቸውን ያሰሙት በዚህ ዘመን ነው።

ትሬቫስኪስ ብዙ የሠራው በምዕራብ ቆላ ነው። እዚያ ትግረ ተናጋሪው ሕዝብ አብዛኛው ለጥቂት ባላባት ቤተሰቦች ገባር ነበር። ወተቱን፣ ቅቤውን፣ ጉልበቱን ይሰጣል። በ1940ዎቹ ገባሩ "ከእንግዲህ አንገብርም" አለ። ከእንቅስቃሴው መሪዎች አንዱ ኢብራሂም ሱልጣን ነበሩ፤ በታኅሣሥ 1946 ከረን ላይ የተመሠረተው የሙስሊም ሊግ ኃይሉን ያገኘው ከዚሁ ገባር ሕዝብ ነው። አስተዳደሩ መጀመሪያ ከባላባቶቹ ጎን ቆመ። ኋላ ግን ነገሩ እንደማይገታ ሲያውቅ የድሮውን የጎሳ አደረጃጀት አፍርሶ ገባሩን በመረጣቸው አለቆች ሥር አዋቀረው። ይህን ሥራ ከሠሩትና ሪፖርቱን ከጻፉት አንዱ ትሬቫስኪስ ነበር። ይህን ልብ በሉ። ግብር ከፋዩ ሕዝብ ከተነሳ የባላባት ማኅተም እንደማያቆመው፣ መንደር ለመንደር ዞሮ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

የለንደን እቅድ ግን ሌላ ነበር። ምዕራቡ ቆላ ለሱዳን፣ ደጋውና ምሥራቁ ለኢትዮጵያ ይሰጥ የሚል። በ1949 የእንግሊዝና የጣሊያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ቤቪንና ስፎርዛ በዚሁ መንገድ ተስማሙ፤ እቅዱ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ወደቀ። አንዳንድ የኤርትራ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ የእንግሊዝ አስተዳደር አገሪቱን ለመክፈል ሲል የሃይማኖትና የአካባቢ ልዩነትን አራግቧል ብለው ይከሳሉ። ክሱ መሠረት አለው ባይ ነኝ። አንድ አስተዳደር አገሩ ሊከፈል ይገባል ብሎ እያመነ፣ በየወረዳው የሚያደርገው ሁሉ ከዚያ እምነት ነፃ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት የአምስት አገሮች ኮሚሽን ላከ፤ በርማ፣ ጓቴማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ። አምስቱ አንድ ሐሳብ ማምጣት አልቻሉም። ፓኪስታንና ጓቴማላ ነፃነት አሉ፤ ኖርዌይ ሙሉ አንድነት አለች፤ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ። በታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ጠቅላላ ጉባኤው ፌዴሬሽኑን በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ሕዝቡ በቀጥታ አልተጠየቀም።

ሰነዱን አንብቡት፤ ቀዳዳው ወዲያው ይታያል። ኤርትራ ምክር ቤት አላት፣ ባንዲራ አላት፣ ትግርኛና አረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ናቸው። ሆኖም ከኢትዮጵያም ከኤርትራም በላይ የሚቆም ራሱን የቻለ የፌዴራል መንግሥት የለም። የፌዴራሉ መንግሥት የሚባለው ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። መከላከያው፣ ውጭ ጉዳዩ፣ ገንዘቡ፣ ወደቡ በእሱ እጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት ጉባኤ ቢጻፍም ሥልጣኑ ማማከር ብቻ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ቢጣሉ ዳኛው ከተጣሉት አንዱ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተከታትሎ ነው የመጣው። በመጋቢት 1955 የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አንዳርጋቸው መሳይ የኤርትራ ምክር ቤት ፊት ቆመው፣ በእሳቸው ቢሮ ዘንድ የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተድላ ባይሩ ለቀቁ። በ1958 ባንዲራው ወረደ። በ1960 "የኤርትራ መንግሥት" የሚለው ስም "የኤርትራ አስተዳደር" ሆነ። በመስከረም 1961 ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ በምዕራብ ቆላ፣ ትሬቫስኪስ በሚያውቀው አገር፣ የትጥቅ ትግሉን የመጀመሪያ ጥይት ተኮሱ። በኅዳር 1962 ፌዴሬሽኑ በይፋ ፈረሰ። ማስጠንቀቂያዋ በዚህ ሁሉ ትክክል ነበረች። ልክ ያልሆነውን ልክ ነው አልልም፤ ልክ የሆነውንም አልክድም።

አሁን ወደ ኤደን እንሻገር።

ትሬቫስኪስ ወደዚያ የሄደው በ1951 ነው። እንግሊዝ ኤደንን ከያዘች በ1839 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከተማዋ ያኔ በዓለም እጅግ ከሚበዛባቸው ወደቦች አንዷ ነበረች። በስዊዝ ካናል የሚያልፍ መርከብ ነዳጅ የሚቀዳው እዚያ ነው። በ1954 ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር ዋና መምሪያም ወደዚያ መጣ። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን ሌላ ዓለም ነው። የሱልጣኖች፣ የአሚሮችና የሼኾች ትናንሽ ግዛቶች ናቸው። እንግሊዝ ከእያንዳንዱ ጋር የጥበቃ ውል አላት። ደመወዝ ትከፍላለች፤ ጠመንጃና ጥይት ታድላለች። የትሬቫስኪስ ሥራ ከእነዚህ ገዢዎች ጋር ነበር። ከ1954 ጀምሮ የምዕራቡ ግዛቶች ዋና የእንግሊዝ ወኪል ሆነ። ቋንቋውንም ጠባዩንም ለመደ፤ ከአንዳንዶቹ ጋር በተለይም ከበይሃኑ ሸሪፍ ሁሴን ጋር የልብ ወዳጅ ሆነ።

የፌዴሬሽኑ ሐሳብ ከዚህ ወዳጅነት ተወለደ። ካይሮ ላይ የግብፁ መሪ ናስር ተነስቷል። የአረቦች ድምፅ ሬዲዮ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ገዢዎቹ ተነጣጥለው ከቀሩ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ከተባበሩ ግን ይቆማሉ ተባለ። የላህጁ ሱልጣን ዓሊ አብዱልከሪም እቅዱን ተቃወሙ፤ ደጋፊያቸውም ብዙ ነበር። በ1958 እሳቸው ለንደን ሳሉ እንግሊዝ ወታደር አሰማርታ ከሥልጣን አወረደቻቸው። በየካቲት 1959 ስድስት ግዛቶች ፌዴሬሽኑን መሠረቱ። ዋና ከተማ ሆኖ አል-ኢትሐድ የሚባል ቦታ ከኤደን ውጭ አሸዋ ላይ ተሠራ። የበላይ ምክር ቤቱን ገዢዎቹ በየተራ በሊቀመንበርነት ይመሩታል። በጀቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከለንደን ነው።

ኤደን ከተማዋስ? ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ የወደብ ሠራተኞች፣ የጸሐፊዎች፣ የነጋዴዎች አገር ነች። ከሰሜን የመን የመጣው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ግን የመምረጥ መብት የለውም። በ1956 የተቋቋመው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ በአድማ ከተማዋን ሊያቆም የሚችል ኃይል ሆነ። የ1959ኙን ምርጫ ማኅበራቱ ባለመሳተፍ ተቃወሙት፤ አብዛኛው መራጭም ቀረ። በዚህ ዓይነት ምርጫ የተገኘ ምክር ቤት ነው በመስከረም 1962 ኤደን ከሱልጣኖቹ ፌዴሬሽን ጋር ትቀላቀል ብሎ የወሰነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ክሬተር በሚባለው ሰፈር፣ ኮረብታ ላይ ባለ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ከኮረብታው ሥር ሰልፈኛው ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። በዚያው ሳምንት ሰንዓ ላይ ኢማሙ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱና የመን ሪፐብሊክ ሆነች። የኤደን ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሰማ። ሰሜኑ ንጉሥ አባረረ፤ እሱ ደግሞ ለሱልጣኖች ተሰጠ።

ከኤርትራው ጋር አስተያዩት። ኤርትራ ላይ የዳበረ ማኅበራዊ ሕይወት፣ ፓርቲና ጋዜጣ ያለው ሕዝብ፣ ፓርቲ ከማይታወቅበት ዘውዳዊ መንግሥት ጋር ተጣመረ። ኤደን ላይ ደግሞ ማኅበርና አድማ የለመደ ከተሜ፣ ምርጫ ከማያውቁ ሱልጣኖች ጋር ተጣመረ። በሁለቱም ቦታ ተጣማሪው አልተጠየቀም።  ትሬቫስኪስ ደግሞ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል።

በነሐሴ 1963 የኤደን ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነ፤ የሹመቱ ጫፍ ይህ ነው። አራት ወር ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 10 ቀን 1963፣ ከሚኒስትሮቹ ጋር ለንደን ላይ ለሚደረግ የሕገ መንግሥት ውይይት ሊሄድ ኮርማክሳር አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሳለ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። ረዳቱ ጆርጅ ሄንደርሰን ገፍትሮት በሰውነቱ ከለለው። ትሬቫስኪስ ቀላል ጉዳት ደረሰበት። አንዲት ሴት እዚያው ሞተች። ሄንደርሰን ከቀናት በኋላ በቁስሉ ሞተ። በዚያው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ታሰሩ፤ ብዙ የመናውያን ወደ ሰሜን ተባረሩ። በተራራማው ራድፋን ቀድሞ በጥቅምት የጀመረው አመጽ በ1964 ወደ ሙሉ ዘመቻ አደገ። የእንግሊዝ አውሮፕላን መንደር ደበደበ።

በጥቅምት 1964 ለንደን ላይ ሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። አዲሱ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር አንቶኒ ግሪንውድ ትሬቫስኪስን አነሱት፤ በጥር 1965 ሪቻርድ ተርንቡል ተተካ። የሰውየው ሥራ በዚሁ አበቃ። ገና ሃምሳ ዓመቱ ነበር።

ፌዴሬሽኑ ከእሱ በኋላ ሦስት ዓመት አልቆየም። እንግሊዝ በ1964 ነፃነት እስከ 1968 ይሰጣል፣ ጦር ሰፈሩ ግን ይቀራል ብላ ነበር። በየካቲት 1966 ሐሳቧን ቀየረች። ጦር ሰፈሩም ይዘጋል፤ የመከላከያ ውልም አይኖርም አለች። በእሷ ተማምነው ስማቸውን ለፊርማ ያዋሉት ገዢዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። በሰኔ 1967 የፌዴሬሽኑ ወታደርና ፖሊስ አመጸ። በበጋው የየግዛቱ ገዢዎች በብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ተራ በተራ ወደቁ። በመስከረም የፌዴራል መንግሥት የሚባል ነገር አልቀረም። በኅዳር 30 ቀን 1967 አገሪቱ ነፃ ወጣች፤ ሥልጣኑን የተረከቡት እንግሊዝ ስትዋጋቸው የኖሩት ናቸው።

ትሬቫስኪስ በ1968 ባሳተመው ማስታወሻው ጥፋቱን በሌበር መንግሥት ላይ አደረገ። ቃል ተበላ አለ። ቃል መበላቱ እውነት ነው፤ ገዢዎቹ ተከድተዋል። እሱም ሥልጣኑ ቶሎ ለፌዴሬሽኑ እንዲሰጥ ሲወተውት የነበረ ሰው ነው። ግን ክርክሩ እኔን አያሳምነኝም። ጠባቂው "እሄዳለሁ" ባለ በዓመት ከመንፈቅ የሚፈርስ መንግሥት፣ ቀድሞውንም የቆመው በጠባቂው ነው። ኤርትራ ላይ ቢሆን ይህን ከማንም በፊት የሚናገረው እሱ ነበር።

ታዲያ ለምን ኤደን ላይ አልታየውም? እኔ የማየው እንዲህ ነው። ኤርትራን እንግሊዝ ልትይዛት አልፈለገችም። ስለዚህ አስተዳዳሪዋ የፈለገውን ማየት፣ ያየውንም መጻፍ ይችላል፤ የሚከፈል ዋጋ የለውም። ኤደን ላይ ግን ጦር ሰፈር አለ፣ ማጣሪያ አለ፣ መርከብ አለ። ፌዴሬሽኑ የተፈለገው ለዚህ ጥበቃ ነው። መነሻው "ሕዝቡ በምን ይተዳደር?" ሳይሆን "ሰፈሩ በማን እጅ ይቆይልን?" ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እውቀት ሁሉ ለዚያ ጥያቄ ያድራል። ትሬቫስኪስ እውቀት አላጣም። እውቀቱ የሚያገለግለው ሌላ ጌታ ነበረው። ሁለተኛው ነገር ወዳጅነቱ ነው። ሱልጣኖቹን ያውቃቸዋል፣ ይወዳቸዋል፣ ማዕዳቸው ላይ ቀርቧል። ኤርትራ ላይ የገባሩን ድምፅ የሰማው ጆሮ፣ ኤደን ላይ የባላባቱን ብቻ ሰማ። የወደብ ሠራተኛው ቁጣ ከካይሮ ሬዲዮ የመጣ መሰለው። ሬዲዮው በእርግጥ ነበር፤ ግን ሬዲዮ የሌለ ቁጣ አይፈጥርም።

ማስጠንቀቂያዋን የሚጠቅሱ ወገኖች ይህን ሁለተኛ ግማሽ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል። የኤርትራ ፌዴሬሽን የፈረሰው በአዲስ አበባ ስግብግብነት ብቻ ነው የሚለው ሰው፣ ኤደን ላይ አዲስ አበባ እንዳልነበረች ያስታውስ። የፈረሰው በውጭ ሴራ ብቻ ነው የሚለውም እንዲሁ፣ እንደራሴው ምክር ቤት ውስጥ የተናገሩትን ንግግር ማንም ከውጭ እንዳልጻፈላቸው ያስታውስ። ውሉ ሲጻፍ ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳውን ደግሞ ያየ ሰው ሁሉ አሰፋው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲና ከሶማሊያ ተነስተው በጀልባ የሚሻገሩ ልጆቻችን ብዙዎቹ የሚያርፉት እንደ ላህጅና ሻብዋ ባሉ ቦታዎች ነው። እነዚያው የድሮ ሱልጣኔቶች ማለት ነው። አሁንም በየኬላው ሌላ ታጣቂ፣ ሌላ አለቃ ነው የሚጠብቃቸው። ሁለቱ የመኖች በግንቦት 1990 ተዋሐዱ፤ ትሬቫስኪስም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። በ1994 ተዋጉ። በየካቲት 2014 ሰንዓ ላይ አንድ ኮሚቴ አገሪቱን በስድስት ክልሎች የሚከፍል የፌዴሬሽን ካርታ አወጣ። አራቱ በሰሜን፣ ሁለቱ በደቡብ። ሁቲዎች አልተቀበሉትም፤ የደቡብ ነፃነት ጠያቂዎችም አልተቀበሉትም። በመስከረም ሁቲዎች ሰንዓን ያዙ፤ በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ አገሩን በሙሉ አዳረሰው።

በ2017 የደቡብ የሽግግር ምክር ቤት ኤደን ላይ ተመሠረተ። ደቡብ ተለይቶ ይውጣ ከሚሉት መካከል "ደቡብ አረቢያ" የሚለውን ስም እንደገና ያነሱ አሉ፤ የትሬቫስኪስ ፌዴሬሽን ስም ነው። በምሥራቅ ግን ሐድራሞት አለች። ሰፊ መሬት አላት፣ ነዳጅ አላት። በ1960ዎቹ ሱልጣኖቿ በፌዴሬሽኑ አንገባም ብለው ቀርተው ነበር። ዛሬም ከሐድራሞት ብዙዎች ከሰንዓም ከኤደንም ሥር መሆን አንፈልግም፣ ራሳችንን በራሳችን እናስተዳድር እያሉ ነው።